ሰሊጡ ያልፋል፣ ዘይቱ ይመጣል



ሰሊጥ ከተሰበሰበ በኋላ ባሉት ወራት አዘዞ መገንጠያ ላይ ቆሞ የተመለከተ ሰው የከተማችንን ኢኮኖሚ ከመጽሐፍ ይልቅ እዚያው ይማረዋል። ከመተማና ከቋራ ሰሊጥ የጫነው መኪና በጭልጋ መንገድ መጥቶ ያልፋል። በሌላ በኩል ከባሕር ማዶ የመጣ የፓልም ዘይት የጫነው ይገባል። ሰሊጡን ያመረትነው እኛ፤ ዘይቱን በጀሪካን ከሱቅ የምንገዛውም እኛ! «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ማለት ይኸው አይደለም ወይ?

አዘዞና ጎንደር በቤት ተያይዘው እያደጉ መሆናቸው አይካድም። ይሁን እንጂ የሕንፃ መብዛት ብቻውን የኢንዱስትሪ ከተማ አያሰኝም። ቁም ነገሩ ገበሬው ያመረተው እዚሁ ተሠርቶ ለወጣቱ ሥራ መፍጠሩ ነው። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። በ1992 ዓ.ም. ዳሽን ቢራ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ ኋላም የጎንደር ብቅል ፋብሪካ ተከተለ፤ የደጋው ገብስም ደጁ ላይ ገበያ አገኘ። ገብሱ ብቅል፣ ብቅሉ ቢራ ሲሆን በየደረጃው እንጀራ የሚበላ ሰው አለ። ታዲያ ለገብስ የተቻለው ለሰሊጥ ለምን ያቅታል?

አንዳንድ ጓደኞች «ሰሊጥ እኮ ዶላር ያመጣል፤ እዚህ ከጨመቅነው ይቀርብናል» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ሰሊጥ ከአገራችን ዋና ዋና የውጭ ንግድ ምርቶች አንዱ ነው። ነገር ግን ለዘይት የምናወጣውስ ዶላር አይደለም ወይ? ደግሞስ ሁሉም ይጨመቅ ማን አለ? ቢያንስ ተበጥሮ፣ ታጥቦና ተፈትጎ ቢላክ ከጥሬው የተሻለ ዋጋ ያወጣል። ከሚጨመቀውም ፋጉሎው ለወተት ላም ይተርፋል።

እርግጥ ፋብሪካ በምኞት አይቆምም። ውሃ፣ መብራትና ሰላማዊ መንገድ ይፈልጋል። አንገረብ ግድብ በደለል ሲሞላ ከተማው ውሃ ሲቸገር አይተናል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣም የመተማ ንግድ እንደተጎዳ ነጋዴው ያውቀዋል። ይኸ ሁሉ ግን ለመዘጋጀት እንጂ እጅ አጣጥፎ ለመቀመጥ ምክንያት አይሆንም።

የእኛ የመምህራን ድርሻም እዚህ ላይ ነው። ነገ ጭልጋ፣ ደምቢያ ወይም ወገራ ስንመደብ፣ ሒሳብ ስናስተምር «አንድ ነጋዴ ብርቱካን ገዛ» ከምንል፣ ግማሽ ያህል ክብደቱ ዘይት ከሆነው ሰሊጥ አንድ ኩንታል ምን ያህል እንደሚገኝ ብንጠይቅስ? ሳይንስ ስናስተምር አፈሩ ከተራራው ታጥቦ ግድብ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ወጣ አድርገን ብናሳይስ?

ነገ ማሽኑን የሚጠግነው፣ መዝገቡን የሚይዘው፣ ፋብሪካውንም የሚያቆመው ዛሬ አንደኛ ክፍል የተቀመጠው ልጅ ነው። መኪናው ሲያልፍ እጁን ብቻ እያውለበለበ እንዳይቀር አደራው የኛ ነው።

ከአንድ የሁለተኛ ዓመት ሰልጣኝ