ከቄራ እስከ ቤተ ሙከራ፦ መዘግየት በሽታ መስሎ እንዳይነበብ

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ፋሽዮላ የተባለው የጉበት ትል ብዙ የከብትና የበግ ጉበት ከቄራ እንዲወገድ ያደርጋል። በርእሱ ላይ የሚቀርቡ የመመረቂያ ጽሑፎች በአመዛኙ የተወገደውን ጉበት ይቆጥራሉ። የታመመው ጉበት ፕሮቲን የማምረት አቅሙ ምን ያህል እንደተጎዳ ለማወቅ ግን ቆጠራ አይበቃም፤ በሥራ ላይ ያሉትን ራይቦዞሞች ሳይበታተኑ ማውጣት ያስፈልጋል።

ፖሊሶም በአንድ መልእክተኛ አርኤንኤ ላይ፣ በክር እንደተሰካ ዶቃ የተደረደሩ ራይቦዞሞች ነው። ዌትስታይን፣ ሽቴሄሊንና ኖል በ1963 እ.ኤ.አ. ከአይጥ ጉበት የለዩት የሕዋሱን ሽፋኖች በዲኦክሲኮሌት አሟሙተው፣ ጥግግቱ ከላይ ወደ ታች በሚጨምር የሱክሮስ መፍትሔ ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት በማሽከርከር ነበር። የዘዴው መሠረት ዛሬም ይኸው ነው። አርኤንኤዝ ክሩን ከበጠሰው ግን ፖሊሶሙ ወደ ነጠላ፣ 80ኤስ ራይቦዞሞች ይበተናል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሕመም የፕሮቲን ምርትን ሲያዳክምም ነጠላ ራይቦዞሞች ይበዛሉ። የዴጀን፣ የቢቸና፣ የሞጣና የባሕር ዳር መንገድ ሲታሰብ፣ ቢቸና ለአዲስ አበባ፣ ሞጣ ለባሕር ዳር ይቀርባል። ከአንዱ ከተማ ጤነኛ፣ ከሌላው የታመመ ጉበት ተወስዶ በአንድ ቤተ ሙከራ ቢነጻጸር፣ የመንገዱ ርዝመት የበሽታው ጉዳት ተደርጎ ሊመዘገብ ይችላል።

የአልትራሴንትሪፊውጅ እጥረት እውነተኛ መሰናክል ነው፤ ሆኖም በአግባቡ የቀዘቀዘ ናሙና መሣሪያው እስኪገኝ ይጠብቃል፤ የተበላሸውን ግን የትኛውም መሣሪያ አይመልሰውም። ስለዚህ ጥናቱ ከቄራው መጀመር አለበት። ለከብቶች ሰው ሠራሽ ማዳቀል የሚያገለግለው ፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከእርድ በኋላ ወዲያው የተቆረጠን ትንሽ ጉበት ለማቀዝቀዝም ይውላል። ናሙናው እንደቀዘቀዘ ተፈጭቶ፣ ሳይቀልጥ ማግኒዝየም፣ ሳይክሎሄክሲማይድና የአርኤንኤዝ ማገጃ ወዳለው ቀዝቃዛ ቡፈር መግባት ይኖርበታል። ግላይኮጅን ከራይቦዞም ጋር ስለሚዘቅጥ፣ ጾም ደግሞ ራሱ ፖሊሶምን ስለሚቀንስ፣ እንስሳው ሳይመገብ የቆየበት ሰዓትም ይመዝገብ።

ከሁሉ በላይ፣ የአንድ ጤነኛ ጉበት ቁራጮች በተለያየ የመዘግየት ጊዜ ቀዝቅዘው በመቆጣጠሪያነት ይቅረቡ። ይህ መለኪያ በሌለበት የትኛው ለውጥ የትሉ፣ የትኛው የመንገዱ እንደሆነ መለየት አይቻልም፤ መርማሪዎችም ያለ እርሱ የቀረበን የፖሊሶም ውጤት ሊቀበሉት አይገባም።