ባዶ የተባለች ምድር

በሰሜን አሜሪካ አሪዞናን ከሜክሲኮ ጋር አያይዞ የተዘረጋውን የሶኖራን ምድረ በዳ በሰኔ ወር መግቢያ የተመለከተ መንገደኛ፣ ከቁልቋልና ከደረቅ ቁጥቋጦ በቀር ለዓይን ማረፊያ የሚሆን ሐመልማል አጥቶ፣ ምድሪቱን ባዶና ከንቱ ናት ብሎ ቢፈርድባት የሚደንቅ አይደለም። ሐምሌ ገብቶ እርጥቡ ነፋስ ከደቡብ ሲነሣና ነጎድጓድ ያዘለው ዝናብ ሲወርድ ግን፣ የአሪዞና ፖፒ የምትባለው አበባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከአሸዋው ወጥታ፣ የመንገዱን ዳርና ሜዳውን ብርቱካንማ ልብስ ታለብሰዋለች። እያንዳንዷ ጽጌ የምትቆየው አንዲት ቀን ነው። ዘመድነቷ ከአገራችን ኩርንችት ጋር ሲሆን፣ የባዶ እግር ጠላት ከሆነው ከዚያ ዘመዷ የሚለያት ፍሬዋ እሾህ የሌለው መሆኑ ነው።

በታኅሣሥና በጥር የሚዘንበው ቀዝቃዛ ዝናብ የአበባዋን ዘር አይቀሰቅሰውም፤ ሙቀትና በቂ እርጥበት በአንድነት እስኪመጡለት ድረስ በአፈር ውስጥ ተሰውሮ ይቆያል። የምድረ በዳ ዓመታዊ ዕፀዋት ዘራቸውን ሁሉ በአንድ ዝናብ አያወጡም፤ ከፊሉ ሲበቅል ከፊሉ ለከርሞና ከዚያም ወዲያ ይተኛል። የኢየሩሳሌሙ ሊቅ ዳን ኮሄን እ.ኤ.አ. በ1966 ይህ መዘግየት፣ ዝናቡ በማይታመንበት አገር ዘር ፈጽሞ እንዳይጠፋ የሚጠብቅ ሥርዓት መሆኑን በስሌት አሳይቷል።

ይህን ኅቡእ ሀብት ሳያስተውሉ ያለፉ ባለሙያዎችና ከብት አርቢዎች፣ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ፣ ራቁት የመሰላቸውን መሬት ከመሸርሸር ለማዳንና መኖ ለማስገኘት ሲሉ ባፍል የሚባለውን የአፍሪካ ሣር ዘሩበት። ሐሳባቸው በጎ እንደ ነበረ አልክድም፤ ሣሩ ግን ጥቅጥቅ ብሎ በቅሎ ለአገሬው ዕፅ ቦታና ውሃ ከመንሣቱም በላይ፣ ሲደርቅ እሳት የሚያዛምት ሆነ፤ ከጥንት ጀምሮ እሳትን ያልለመዱት፣ ሳጓሮ የተባሉት ግዙፍ ቁልቋሎችም ይቃጠሉበታል።

ስለዚህ መሬትን ለእርሻ፣ ለሕንፃ ወይም ለግጦሽ የሚሰጥ ባለ ሥልጣን፣ በደረቁ ወር የተጻፈ መግለጫ ብቻ ይዞ ሊፈርም አይገባውም፤ ከዝናብ በኋላ ዳግመኛ የታየበትን ማስረጃም ይጠይቅ። ዝናቡን መጠበቁ ዋጋ ያስከፍላል የሚል ቢኖር፣ በቱሳን ከተማ አጠገብ ያን ሣር እየቆፈሩ የሚነቅሉትን በጎ ፈቃደኞች ይመልከትና የችኮላው ዋጋ እንደሚበልጥ ያስተውል፤ በመድኃኒት ማጥፋት ቢታሰብ እንኳ፣ የአረም መድኃኒቱ የሚሠራው ሣሩ ለምልሞ ሳለ በመሆኑ፣ ለመርጨት የሚመቸው ጊዜ አበባዋ በምትወጣባቸው በእነዚያው ጥቂት የዝናብ ሳምንታት ላይ ይወድቃል።