«ፈርሞ ወጣ» ብለን አንገላገል

ጠዋት ራውንድ ስንዞር አንድ አልጋ ባዶ ከሆነ ነርሷ «ፈርሞ ወጣ» ትለናለች፤ ሕክምናውን በራሱ ፈቃድ ማቋረጡን ፈርሞ ሄደ ማለት ነው። የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ የምሠራ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ እንዲህ ፈርመው ከሚወጡት ሕሙማን ብዙዎቹ ወደ እንጦጦ፣ ወደ ጸበል እንደሚሄዱ አውቃለሁ።

ፊርማው ሐኪሙን ከተጠያቂነት ያድነው ይሆናል፤ የቲቢ መድኃኒት በሁለተኛው ወር ያቋረጠን ሰው ግን አያድነውም። የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ነው። ሳሉ ጋብ ሲልለት ይተወዋል፣ ተህዋሲው መድኃኒቱን ይላመዳል። በእንጦጦ ግርጌ ያለው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል በ2001 ዓ.ም. መድኃኒት የተላመደውን ቲቢ ማከም ሲጀምር ሕክምናው ሁለት ዓመት ገደማ የሚፈጅ፣ ለወራት መርፌ ያለበት ነበር፤ መርፌው አንዳንዱን ሰው ጆሮውን ያሳጣው ነበር።

ሕመምተኛ የመወሰን መብት አለው፣ አልከራከርም። ግን «ወይ ጸበሉን ወይ መድኃኒቱን» ብለን አፋጥጠን ያስፈረምነው ሰው፣ በእርግጥ በራሱ ወስኗል?

አንዲት እናት «ዶክተርዬ፣ ልጄ ክኒን እየዋጠ ቢጠመቅ እምነት ጎደለው አይሉትም?» አሉኝ። «እናቴ፣ ክኒኑን በጸበሉ ይዋጠው» ስላቸው፣ በነጠላ ጠቅልለው ከአልጋው ሥር የደበቁትን አንድ ሃይላንድ ጸበል አወጡት። እኛን ፈርተው ነበር።

ምክሩ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ፣ እንጦጦ ማርያም የሚጠመቁ ብዙ ሰዎች መድኃኒቱን ይተዉ ነበር። ያኔ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ።

አንድ ነገር ላይ ግን አልለሳለስም። ቲቢው ገና የሚተላለፍበት ሰው ከጸበልተኞች ጋር በጠባብ ክፍል ተፋፍጎ እንዲያድር አልስማማም። ምስጢሩን ለማንም አላወጣም፤ እሱንም ቤተሰቡንም ቁጭ ብዬ እለምናለሁ፣ «መተላለፉ እስኪቆም ታገሡ፣ ጸበሉ እዚሁ ይምጣላችሁ» እላለሁ። ጊዜ ይፈጃል። ተረኛ ሐኪም ደግሞ ጊዜ የለውም፤ ፊርማው የሚቀለን ለዚህ ነው።

የሥራ ባልደረቦቼ፣ ፈርሞ የሚወጣውን ሰው ባዶ እጁን አንሸኘው። መድኃኒቱን፣ ለጸበሉ ቅርብ ወደሆነው ጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት፣ የሚደውልበት ስልክ እንስጠው። የምታጠምቁ አባቶቻችንም፣ ከመስቀሉ በኋላ «ልጄ፣ መድኃኒትህን ወስደሃል?» ብላችሁ ጠይቁልን።