ቤት ብቻውን ተፈናቃይን አይመልስም

በግጭት የወደመች መንደር እንደገና ትቋቋም ሲባል በየስብሰባው ቀድሞ የሚቆጠረው የቆርቆሮውና የሲሚንቶው ብዛት ነው። ቤት መሠራቱ አስፈላጊ ለመሆኑ ጥርጥር የለውም፤ ነገር ግን የሥራው መጨረሻ ተደርጎ መታየት የለበትም። የገበሬ ማኅበር መሪዎች ይህን ለመገንዘብ በሊባኖስ ሹፍ በተባለው ተራራማ ወረዳ የደረሰውን ቢመለከቱ ይጠቀማሉ። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሹፍ ከቤይሩት በስተደቡብ ምሥራቅ ይገኛል። የማሮናዊት ቤተ ክርስቲያን ተከታዮችና የድሩዝ እምነት ተከታዮች ለብዙ ትውልድ ጎን ለጎን ያረሱት አገር ነው። በ1975 የተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት ይህን ጉርብትና አፈረሰው። በ1983 የእስራኤል ጦር አካባቢውን ለቆ ሲወጣ የሁለቱ ወገን ታጣቂዎች ተፋጁ፤ ከሁለቱም ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ብዙ የክርስቲያን መንደሮችም ፈርሰው ባዶ ቀሩ።

የ1989ኙ የጣይፍ ስምምነት ከ1975 ወዲህ የተፈናቀለ ሁሉ ወደ ቀዬው የመመለስ መብት እንዳለው ደነገገ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተፈናቃዮች ሚኒስቴርና ፈንድ ተቋቁመው ለቤት መሥሪያ ገንዘብ ተሰጠ፤ የሰው ቤት ይዘው ለተቀመጡትም መልቀቂያ ተከፈለ። በ2001 የማሮናውያኑ ፓትርያርክ ናስራላህ ስፌር ወደ ሹፍ ወጥተው ከድሩዙ መሪ ከዋሊድ ጁምብላት ጋር እርቅ አወረዱ።

«የበላዮቹ ከታረቁ መንደሩ ይከተላል» የሚሉ አሉ። ብሪሕ የተባለችው መንደር ግን ይህ አባባል ልክ እንዳልሆነ ታሳያለች። እዚያ በ1977 ምእመናን በቤተ ክርስቲያናቸው ተገድለዋል። የመንደሪቱ እርቅ የተፈጸመው በ2014 ነው፤ ይኸውም ከታላቁ እርቅ 13 ዓመት፣ ከጣይፍ ስምምነት 25 ዓመት ዘግይቶ መሆኑ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ከደሙ ጉዳይ ሌላ፣ በተፈናቃዮች ይዞታ ላይ የተሠራ የመሰብሰቢያ ቤት ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ኖሯል። የዚህ ዓይነቱ ክርክር የሚፈታው የመሬቱን ድንበር በሚያውቁ የመንደሩ ሽማግሌዎች ፊት እንጂ በዋና ከተማ በሚፈረም ወረቀት ብቻ አይደለም።

ሌላም ትምህርት አለ። በሹፍ ቤታቸው ከታደሰላቸው መካከል ብዙዎቹ ጠቅልለው አልገቡም፤ ለበጋ ወራትና ለዕረፍት ቀን ብቻ ብቅ ይላሉ። ልጆቻቸው በቤይሩት ተምረዋል፤ እንጀራቸውም እዚያው ነው። በተራራው ላይ የሚታረሰው እንደ ኮንሶ እርሻ በድንጋይ የተካበ እርከን ነው። ባለቤቱ ለዓመታት የራቀው እርከን ይናዳል፤ የመስኖው ቦይ ይደፈናል። አዲስ የተተከለ የዘይት ወይራም ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ይፈጃል። ቤት ተሰጥቶት እርሻው ያልተመለሰለት ገበሬ ከተማውን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

ስለዚህ ተፈናቃይ በሚመለስበት ቀበሌ ሁሉ ሥራው ቅደም ተከተል ያሻዋል። በመጀመሪያ፣ የእያንዳንዱ አባወራና እማወራ ይዞታ ሰው ሳይረሳው፣ ምስክርም ሳይሞት ይመዝገብ። የሟች ሚስትና ወላጅ አልባ ልጆች ድርሻ በተለይ ይጠበቅ። ሁለተኛ፣ መሬቱን ይዞ የቆየው ሰው ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ይወሰን፤ እሱም መድረሻ ካጣ አዲስ ተፈናቃይ መሆኑ ነው። ሦስተኛ፣ የደሙ ጉዳይ በሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ይታይ፤ ሕግ የሚጠይቀው ወንጀል ግን በሽምግልና ስም አይሸፈን። አራተኛ፣ ዘሩና የእርሻ በሬው ከቤቱ ጋር እንጂ ከቤቱ በኋላ አይምጣ። ተመላሹ የሚገባበት ቀንም የዘር ወቅት ሳያልፍ ይሁን።

ይህን ሁሉ የበላይ አካል ብቻውን ሊፈጽመው አይችልም። የማን ማሳ የት እንደሚጀምር፣ ማን ከማን እንደተቀያየመ የሚያውቀው የቀበሌው መሪ ነው። እሱ ዝም ካለ፣ ቤቱ ተሠርቶም መንደሩ ባዶ ሊቀር ይችላል።