መኪናዋን መቼ እንለውጣት?

በዚህ ዓምድ ስለ ትዳር ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምናነሣው ፍቅርን፣ ይቅርታን፣ የልጆችን አስተዳደግ ነው። ዛሬ ግን ግቢ ውስጥ ስለቆመችው መኪና እንድንነጋገር እወዳለሁ። «መኪና ደግሞ ምን መንፈሳዊ ነገር አላት?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ለምክር ከሚመጡ ባለትዳሮች እንደተረዳሁት ግን ባልና ሚስትን ከሚያጋጩ ንብረቶች አንዷ እርሷ ናት። አንዱ «እንለውጣት» ይላል፤ ሌላው «ምን ሆነችና?» ይላል። ከዚያ በኋላ የሚነሣው ክርክር ስለ መኪና መሆኑ ይቀርና የማን ደመወዝ፣ የማን ቤተሰብ ወደሚለው ይሄዳል።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ዘመድ ያላችሁ «መኪና በየአምስት ዓመቱ መለወጥ አለበት» የሚል ምክር ሰምታችሁ ይሆናል። ለእነርሱ ምክሩ ምክንያት አለው። በዚያ አዲስ መኪና በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከዋጋዋ አንድ አምስተኛ ያህሉን ልታጣ ትችላለች፤ የመካኒክ የሰዓት ክፍያም ውድ ነው። ስለዚህ ጥገናው ሳይበዛ መሸጥ የሚያዋጣው ሰው አለ። በእኛ አገር ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ ኖሯል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን በከባድ ቀረጥ መታ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በዚህ ሁሉ መካከል ያረጀችው ኮሮላ ከተገዛችበት በላይ ስትሸጥ አየን።

እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። «በ200 ሺህ የገዛኋት በ700 ሺህ ተሸጠች፤ አተረፍኩ» ይላሉ። መኪናዋ አልተሻለችም፤ ብሩ ነው የቀለለው። በምትኳ የምትገዛውም እንዲሁ ወደ ላይ ወጥታለች። ሸጦ የሚያተርፈው ሽጦ በእግሩ የሚሄድ ብቻ ነው።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ በአገራችን ሁኔታ መኪናን ረጅም ጊዜ መያዝ በአብዛኛው ትክክል ነው፤ ዕድሜዋ ብቻውን ምንም አይወስንም። በደንብ የተያዘች የሃያ ዓመት መኪና ካልተያዘች የስምንት ዓመት መኪና ትሻላለች። መለየት ያለብን በሁለት ጥያቄ ነው፤ አንደኛው የገንዘብ፣ ሁለተኛው የሰው ሕይወት። ሁለቱን ማቀላቀል ነው ችግር የሚያመጣው።

የገንዘቡን ጥያቄ በአንድ ቤተሰብ ላሳያችሁ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ጥቂት ነገሮችን ቀይሬአለሁ። ባልየው «ይህች ዲኤክስ ጨረሰችን፤ ደመወዜ ሁሉ ጋራዥ ቀረ» ይላል። ሚስትየው «አንተ የጎረቤቱን መኪና አይተህ ነው» ትላለች። ባለፈው ዓመት ለመኪናዋ ስንት እንዳወጡ ጠየቅኋቸው። እርሱ «ከመቶ ሺህ በላይ» አለ፤ እርሷ «ሠላሳ ሺህ አይሞላም» አለች። አንድ ቤት፣ አንድ መኪና፣ አንድ ዓመት! ወረቀቶቹን ሰብስበው በደብተር ጽፈው እንዲመጡ ነገርኳቸው። ተደምሮ 64 ሺህ ብር ሆነ። ከዚህ ውስጥ 28 ሺህው ጎማ ነው። ቦሎውና የሦስተኛ ወገን መድኑ፣ የዘይት ለውጡም አሉበት። እነዚህ ለአዲስ መኪናም የሚወጡ ናቸው፤ የእርጅና ዕዳ አይደሉም። ስለ ማርጀቷ ብቻ የወጣው፣ ማለትም ለፍሪሲዮን፣ ለራዲያተርና ለሞተሪኖ የተከፈለው፣ 25 ሺህ አካባቢ ነበር።

ከዚያ ደግሞ በሌላው ገጽ የመለወጡን ወጪ ጻፉ። አሮጌዋ 700 ሺህ ብር ብትሸጥ፣ የፈለጓት ደግሞ አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ሺህ ብትሆን፣ የሚጎድለው አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ነው። ይህ በብድር ቢሞላና ወለዱ በዓመት ከመቶ 16 ቢታሰብ፣ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ እስከ 190 ሺህ ብር ይደርሳል። የ25 ሺህ ብር ጥገና ለመሸሽ 190 ሺህ ብር ወለድ መክፈል ማለት ነው። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ ስለሚያስብ ሰው ሲናገር፣ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ አስተምሮናል። ምሳሌው ስለ ደቀ መዝሙርነት መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሰሚዎቹ ሁሉ ተቀምጦ ማስላትን እንደ ተራ ማስተዋል ያውቁት ስለነበር ነው ምሳሌ የሆነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ደብተር ይኑራችሁ። ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የተሠራውንና የተከፈለውን ጻፉ። ምሳሌ 27፥23 ሰው የበጎቹን ሁኔታ አጥብቆ እንዲያውቅ ይመክራል፤ ዛሬ በጓዳችን በግ የሌለን እኛ የምናውቀው መንጋ ይህ ነው። የእርጅና ጥገና ብቻ ተለይቶ ተደምሮ፣ ሁለት ዓመት በተከታታይ ለመለወጥ ከሚወጣው ዓመታዊ ወጪ ከበለጠ ያን ጊዜ መለወጥ በሒሳብ ያዋጣል። ከዚያ በፊት የምትሰሙት «ጨረሰችን» የሚለው ቃል ብስጭት እንጂ ሒሳብ አይደለም።

ደግሞም መኪና ያረጀችው በራሷ ጊዜ ነው ወይስ እኛ አስረጅተናት ነው? የሞተር ዘይት በ5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከነፊልትሮው መለወጥ ሞተርን ዕድሜ ይሰጠዋል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ ሳይጎድልም እንኳ በየሁለት ዓመቱ መለወጥ አለበት፤ ይህን የሚያደርግ ሰው በጣም ጥቂት ነው። የታይሚንግ ቺንጋ ያላቸው ሞተሮች በአብዛኛው በ100,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ቺንጋው ይለወጥላቸዋል። ከመበጠሱ በፊት የተለወጠ ቺንጋ ትንሽ ወጪ ነው፤ በመንገድ ላይ የተበጠሰ ግን በብዙ ሞተሮች ቫልቮቹን ይዞ ይሄዳል። ከጭስ ማውጫው የሚወጣውንም ተመልከቱ። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እየበላ መሆኑን፣ ጥቁር ጭስ ነዳጅ በደንብ አለመቃጠሉን ያመለክታል፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቆም ነጭ ጭስ የራዲያተር ውኃ ወደ ሞተሩ መግባቱን ሊያሳይ ይችላል። እንግዳ ድምፅ ሲሰማ የመዝሙሩን ድምፅ ከፍ ማድረግ ግን ጥገና አይደለም፤ በእኛ ምእመናን ዘንድ ግን የተለመደ መፍትሔ ይመስላል!

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ፤ ዋናው እርሱ ነው። የእነዚያ ባልና ሚስት ሒሳብ «አትለውጡ» ብሎ ነበር። ሚስትየው ደስ ብሏት ሳለ ባልየው ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ፣ መካኒኩ ከወራት በፊት የነገረውን ተናገረ። የመኪናዋ ሻንሲ የፊት እግሩ በሚያያዝበት ቦታ በዝገት ተበልቷል፤ ብየዳ ቢደረግም አያስተማምንም። ለሚስቱ ያልነገራት «ትደነግጣለች» ብሎ ነበር። ዘወትር ጠዋት ግን ሁለቱን ልጆች ትምህርት ቤት የምታደርሰው እርሷ ናት።

በዘጸአት 21 ላይ ስለ ተዋጊ በሬ የተጻፈ ሕግ አለ። በሬ ሰውን ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፤ ባለቤቱ ግን ነጻ ይሆናል። ነገር ግን በሬው አስቀድሞ ተዋጊ መሆኑ ከታወቀ፣ ለባለቤቱም ተነግሮት ካልጠበቀው፣ ባለቤቱም ይጠየቃል፤ ፍርዱም እስከ ሞት ይደርሳል። ሁለቱን ባለቤቶች የለያቸው በሬው አይደለም፤ በሬው አንድ ዓይነት በሬ ነው። የለያቸው ተነግሮት ማወቁ ነው። በዘዳግም 22፥8ም እንዲሁ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣሪያው ሰው ወድቆ ደም እንዳይሆንበት መከታ እንዲያደርግ ታዟል። እግዚአብሔር ንብረታችን በሌላው ሕይወት ላይ ስለሚያደርሰው ነገር እኛን ይጠይቀናል።

ስለዚህ መካኒኩ «ፍሬኑ አያስተማምንም»፣ «መሪው ልል ነው»፣ «ሻንሲው ተበልቷል» ካለን ቀን ጀምሮ ጉዳዩ የገንዘብ መሆኑ ያበቃል። ወይ በሚገባ ትጠገናለች፣ ወይ ትቆማለች። «እስከ ደመወዝ ትሂድ» የሚባል ነገር የለም። ጎማንም ከዚሁ ቁጠሩት። በጎማው ጎን አራት አሃዝ ያለው ቁጥር ታገኛላችሁ፤ 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ እንኳ ዕድሜው ሲገፋ ላስቲኩ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ «አዲስ ነው» ተብሎ የተሸጠላችሁ ጎማ መደርደሪያ ላይ ስንት ዓመት እንደተቀመጠ ይህ ቁጥር ይነግራችኋል። አንድ ነገር ልጨምር፤ የእኛ መኪናዎች እሑድ እሑድ የሚጭኑት ሰው ቁጥር ያስፈራኛል። ለአምስት ሰው የተሠራች መኪና ዘጠኝ ዘማሪ ከነከበሮው ጭና ቁልቁለት ስትወርድ፣ ፍቅሩ መልካም ነው፤ ፍሬኑ ግን ለዘጠኝ አልተሠራም። ሁለት ጊዜ ተመላለሱ።

ያቺ መኪና ምን ሆነች ትሉኝ ይሆናል። ባልየው መጀመሪያ «እንሽጣት፤ ገዢው ራሱ አይቶ ይግዛ» ብሎ ነበር። ደላላውም 700 ሺህ ብር የሚከፍል ሰው አግኝቻለሁ ብሏል፤ ከሥር ቀለም ቢቀባ ዝገቱ አይታይም። በዚህ ጊዜ ለመሸጥ ስትቃወም የነበረችው ሚስት «እኔ ልጆቼን የማልጭንባትን የሌላ ሰው ልጆች ይጫኑባት?» አለችው። ዘሌዋውያን 25፥14 ለባልንጀራችን ስንሸጥ እንዳናታልል ያዝዛል፤ ያ ባልንጀራ በደላላ በኩል የመጣ የማናውቀው ሰው መሆኑ ትእዛዙን አይለውጠውም። ሞተሩና ካምቢዮው ጤነኛ ስለነበሩ በሶማሌ ተራ ለመለዋወጫ ተሸጠች፤ ያገኙት 310 ሺህ ብር ነው። 390 ሺህ ብር ቀረባቸው ማለት ነው፤ ለእነርሱ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። እነሆ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው፣ በታክሲና በአውቶቡስ ይሄዳሉ፤ ገና አልገዙም። ባልየው ዝናብ በመጣ ቁጥር እንደሚያማርር ሚስቱ ነግራኛለች።

ስለ ተሳሳተ ምክንያት ብዙ አልልም፤ ታውቁታላችሁ። አንዳንድ መድረክ ላይ «በዚህ ዓመት መኪናህ ይለወጣል» ተብሎ ይታወጃል፤ ሰውም ዘር ብሎ ያለውን ሰጥቶ፣ ቀጥሎ ባንክ ሄዶ ይበደራል። ብድሩን የሚከፍለው ግን ያወጀው ሰው አይደለም። እግዚአብሔር መኪና መስጠት አይሳነውም፤ አሥረኛው ትእዛዝ ግን የባልንጀራን አህያ እንኳ እንዳንመኝ ይናገራል፤ አህያ ደግሞ የዚያ ዘመን መጓጓዣ ነበረች።

ሒሳቡም ደኅንነቱም መለወጥ ያስፈልጋል ካሉ ግን ያለ ፍርሃት ለውጡ። ሁለታችሁ ተስማምታችሁ ይሁን። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም የጋራ ንብረት ለመሸጥና ለመበደር በብዙ ሁኔታ የባልና የሚስትን ስምምነት ይጠይቃል። የኤሌክትሪክ መኪና የምታስቡ ከሆነ የሞተር ዘይትና የታይሚንግ ቺንጋ የለባትም፤ ዋጋዋ ያለው ባትሪዋ ላይ ነው። ስለዚህ የባትሪው ዋስትና እዚሁ አገር ውስጥ የሚከበር መሆኑን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ያገለገለች ከሆነች ባትሪው አሁን ስንት ከመቶ እንደሚይዝ በመሣሪያ ተለክቶ ይታይ፤ በምትኖሩበት ቤት የምትሞሉበት መስመር መኖሩንም አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ያገለገለች የነዳጅ መኪና ከሆነች ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አትመኑ፤ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። የፔዳሎቹን ላስቲክና የመሪውን ቆዳ ተመልከቱ። 60,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ሄደች የተባለች መኪና የፍሬን ፔዳል ላስቲኳ አልቆ ብረቱ ከታየ፣ አንዱ ይዋሻል። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናዋ ጋር መግጠሙን በዓይናችሁ እዩ፤ የራሳችሁን መካኒክ ይዛችሁ ከሥር አስፈትሹ። ከዚያም ሁለታችሁም ተሳፍራችሁ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ያለውን ዳገት ውጡባት፤ ሞተሯንና ፍሪሲዮኗን ታውቃላችሁ። ስትወርዱ ደግሞ ፍሬኗን። ሻጩ ለዚህ ፈቃደኛ ካልሆነ ሌላ መኪና ፈልጉ።