ሚዛኑ ሲቆም

ዛሬ የምጽፍላችሁ ከመድረክ ለመናገር ድፍረት ያጣሁበትን ጉዳይ ነው። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት አምና የጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ሕክምና አድርጌአለሁ። 142 ኪሎ ነበርኩ። ስኳርም ደም ግፊትም ነበረብኝ። መድረክ ላይ ወጥቼ ስብከት ከመጀመሬ በፊት የምጸልየው ትንፋሼ እስኪመለስ ድረስ ነበር። (የመክፈቻ ጸሎቴን በርዝመቱ ታደንቁ የነበራችሁ ይቅር በሉኝ።)

በስድስት ወር 36 ኪሎ ቀነስኩ። ምስክርነት ስጥ ተባልኩ፤ ሰጠሁ። የድሮ ፎቶግራፌ በስክሪን ታየ፣ ጉባኤው በእልልታ አመሰገነ። በዚያው ሳምንት ሚዛኑ 106 ላይ ቆመ። ይኸው ዘጠነኛ ሳምንቱን ይዟል፤ ንቅንቅ አላለም።

ከመቆሙ ይልቅ ያስጨነቀኝ ምስክርነቴ ነበር። እኛ ወንጌላውያን ያለቀ ታሪክ እንወዳለን። "ታምሜ ነበር፣ ተፈወስኩ፤ ሃሌ ሉያ!" መሃሉ ላይ ያለ ሰው ማይክ አይሰጠውም። እሁድ በወጣሁ ቁጥር "ፓስተር፣ አሁን ስንት ደረሱ?" እባላለሁ። አንድ የምወደው ወንድም ለብቻዬ ወስዶ የሆዳምነት መንፈስ ተመልሶ እንዳይሆን ሊጸልይልኝ እንደሚፈልግ ነገረኝ። በቅንነት ነው ያለው። ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ከዚያ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። የሦስት ቀን ደረቅ ጾም ያዝኩ። ለባለቤቴ "ስለ ወጣቶቹ ኮንፈረንስ ነው" አልኳት። ዋሸኋት። ጠዋት ጠዋት ከጸሎት ስነሣ መጀመሪያ የምሄደው ወደ ሚዛኑ ነበር። በሁለተኛው ቀን ሁለት ኪሎ ቀንሶ አገኘሁት፤ ጌታንም አመሰገንኩ። ማታ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ራሴን ስቼ ወደቅኩ።

ሆስፒታል ግሉኮስ ተተክሎልኝ ሳለ ሐኪሙ ያስረዳኝ ነገር ቀላል ነው። ከጨጓራዬ ወደ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ወጥቷል። የቀረው ጠባብ ስለሆነ እንደ ሌላ ሰው አንድ ጆግ ውሃ ጠጥቼ የጎደለኝን በአንዴ መተካት አልችልም፤ ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ መጎንጨት አለብኝ። የቀነሰውም ሁለት ኪሎ ውሃ ነበር። በሦስት ቀን ተመልሶ መጣ።

መቆሙን በተመለከተም፣ ቀዶ ሕክምናውን ካደረጉት አብዛኞቹ ላይ ይደርሳል። አንዳንዱ ገና በሦስተኛው ሳምንት ይቆምበታል፣ ሌላው በስድስተኛው ወር። ሰውነት ሲቀንስ የሚያስፈልገው ጉልበትም ይቀንሳል። 142 ኪሎ ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ሰው የሚያቃጥለውን ያህል 106 ኪሎ የያዘ ሰው አያቃጥልም። ከዚያም በላይ ሰውነት ረሃብ የመጣ ይመስለውና ይቆጥባል። ይህን የሠራው እግዚአብሔር ነው፤ ስንት ትውልድ ድርቅን ያለፈው በዚህ ነው። እኔ ግን የፈጣሪን ጥበብ እንደ አጋንንት ልገሥጸው ተነሥቼ ነበር።

ለዚህ ስሕተት ቋንቋችንም ትንሽ ሳያግዘን አይቀርም። ሐዋርያው ጳውሎስ በግሪኩ "ሶማ" እና "ሳርክስ" የሚሉ ሁለት ቃላት ይጠቀማል። የመጀመሪያው ሰውነት ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ለእግዚአብሔር አልገዛም የሚለውን የሰው ዝንባሌ ያመለክታል። እኛ ደግሞ ከሥጋ ቤት ከምንገዛው ጀምሮ ሁሉንም "ሥጋ" ብለን እንጨርሰዋለን። ስለዚህ "ሥጋን መግደል" ስንሰብክ አንዲት እህት ጨጓራዋን መቅጣት አለብኝ ብላ ወደ ቤቷ ብትሄድ ጥፋቱ የማን ነው? እኔ ራሴ እንዲህ ሰብኬአለሁ። ስሰብክ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው አንገታቸውን የደፉ ሰዎች ዛሬ ይታዩኛል።

በዘኍልቍ ምዕራፍ 9 ላይ ሕዝቡ የሚጓዘው ደመናው ሲነሣ ነው። ደመናው ሲቆም ይሰፍራሉ፤ ሁለት ቀንም ይሁን፣ ወርም ይሁን፣ ከዚያም ይርዘም። ለዓመታት ሳስተምረው ዓይኔ መነሣቱ ላይ ነበር። አሁን የሚገርመኝ የሰፈሩባቸው ቀናት ናቸው። ደመናው ቆመ ማለት ጌታ ሄደ ማለት አልነበረም። በዚያም መና ይወርድ ነበር፤ ልጆችም ይታጠቡ ነበር።

ይህን ስል ሁሉንም በሰውነቴ ላላክክ አይደለም። የአመጋገብ ባለሙያዋ አፌ የገባውን ሁሉ ለአንድ ሳምንት እንድጽፍ አዘዘችኝ። ምሳና እራቴ ልክ ነበር። ቆሎው ግን! በየቤቱ ለጉብኝት ስሄድ ከቡናው ጋር አንድ እፍኝ፣ ሌላ ቤት ደግሞ አንድ እፍኝ፤ በዚያ ላይ በሞቴ እየተባለ የሚጎረስ ጉርሻ። እንቁላል፣ አይብና ምስር አስቀድሜ እንድበላ፣ ከምግብ ጋር ውሃ እንዳልጠጣ፣ ቪታሚኔን እንዳላቋርጥ ነገረችኝ። ለስላሳና ጁስ ትቻለሁ። በእግሬም መጓዝ ጀምሬአለሁ። ሚዛኑ ባይንቀሳቀስም ቀበቶዬ በሁለት ቀዳዳ ጠብቋል፤ የሦስት ወር የስኳር ልኬም ከ9.2 ወደ 6 ወርዷል። ለዚህ ግን እልል ያለ የለም፤ እኔም ራሴ አላልኩም።

ሽማግሌዎችንና የጸሎት ቡድን መሪዎችን በጌታ ፍቅር የምለምነው አለኝ። እንዲህ ዓይነት ሕክምና ያደረገ ሰው "ክብደቴ ቆመብኝ" ብሎ ሲመጣ ጾም አትዘዙበት። መጾም ከፈለገም መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ከስልክም ከቴሌቪዥንም መጾም ይቻላል። በየእሁዱም ኪሎውን አትጠይቁት።

ለባለቤቴ እውነቱን የነገርኳት ከሆስፒታል ስንመለስ መኪና ውስጥ ነው። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ቤት ስንደርስ ሚዛኑን አንሥታ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለችው፤ የምታወርድልኝ ሰኞ ሰኞ ብቻ ነው። ትናንት አወረደችልኝ። 106። ሁለት እንቁላልና አይብ በልቼ ወደ ጉብኝት ወጣሁ።