በባዕድ አገር ያልጠፋ እምነት

በዛሬው አምዳችን ከአገራቸው በግድ የተወሰዱ ሰዎች እምነታቸውን እንዴት እንደያዙ፣ እምነቱም እንዴት እንደያዛቸው እንነግራችኋለን። ነገሩ የኩባ ነው።

በተለይ በ19ኛው መቶ ዘመን፣ ከዛሬዎቹ ናይጄሪያና ቤኒን ብዙ የዮሩባ ተወላጆች በባርነት ወደ ኩባ ተወስደው በሸንኮራ አገዳ እርሻ ይሠሩ ነበር። ካቶሊክ እንዲሆኑም ተጠመቁ። ሆኖም «ኦሪሻ» የሚሏቸውን የአባቶቻቸውን አማልክት አልተዉም፤ ከካቶሊክ ቅዱሳን ጋር አዛመዷቸው። የመብረቁ ቻንጎ ከቅድስት ባርባራ፣ የበሽታና የፈውሱ ባባሉ አዬ ከቅዱስ አልዓዛር ጋር ተጣመሩ። ይህ እምነት ሳንቴሪያ ወይም ሉኩሚ ይባላል። ብዙ ተከታዮቹ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ በቤታቸውም ኦሪሻን ያገለግላሉ።

በከተሞች ደግሞ «ካቢልዶ» የሚባሉ ማኅበሮች ነበሯቸው። እንደ ዕድራችን የታመመ ይረዳሉ፣ የሞተ ይቀብራሉ፤ አንዳንዴም አባላቸውን ከባርነት ለማስለቀቅ ገንዘብ ያዋጡ ነበር። ባርነት በኩባ የቀረው በ1886 ነው።

ዛሬም ወደ እምነቱ የሚገባ ሰው የመንፈስ አባት ወይም እናት አለው። አንድ ዓመት ያህል ነጭ ይለብሳል። በአንድ አባት ወይም እናት ሥር የገቡት እንደ ወንድምና እህት ይተያያሉ። ሕመም ወይም የቤት ጠብ ሲገጥም የሚመከረው እዚያ ነው። ዘመዱን ላጣ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከ1959 አብዮት በኋላ ብዙ ኩባውያን ወደ አሜሪካ ሲሰደዱ እምነቱም አብሯቸው ሄደ። በ1987 በፍሎሪዳ፣ በሃያሊያ ከተማ፣ የሉኩሚ ቤተ ጸሎት ሊከፈት መሆኑ ሲሰማ ነዋሪዎች ተቆጡ፤ የከተማው ምክር ቤትም እንስሳ መሠዋትን ከለከለ። ምእመናኑ ግን ድንጋይ አላነሡም፤ ፍርድ ቤት ሄዱ። በታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ተረቱ። በ1993 ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ደንቡ ሌላውን እርድ፣ የካሽሩት እርድን ጨምሮ፣ ፈቅዶ የእነርሱን ብቻ ለይቶ ከልክሏልና።

ወገኖቻችን፣ ይህን ያነሣነው እምነቱን ተቀበሉ ለማለት አይደለም። አዲስ አገር የገባ ሰው ሥርዓቱ ለጎረቤቱ እንግዳ ይሆናል፤ የጎረቤቱም ለእርሱ። ከመናቃችሁ በፊት ሥርዓቱ ለሰዎቹ ምን እንደሚያደርግላቸው ጠይቁ። የእናንተንም ልጆቻችሁ እንዳያፍሩበት አስረዱ፤ መብታችሁ ሲነካ ደግሞ በሕግ ጠይቁ። የሚያማክራችሁ ሽማግሌም አይራቃችሁ።